መርዶን በወግ እንነግራለን፤ ሕመምንስ?

ሞት የማይገባበት ቤት የለም። ሞትን የምንቀበልበት መንገድ ግን እንደየአገሩ ይለያያል። ያዕቆብ በግብፅ ምድር ሲሞት ግብፃውያን 70 ቀን አለቀሱለት። ልጁ ዮሴፍ ወደ ከነዓን ይዞት ሲወጣ 7 ቀን የልቅሶ ጊዜ አደረገ። ለሙሴ ደግሞ እስራኤል 30 ቀን አለቀሱ። ሐዘኑ ያው ሐዘን ነው፤ ቀኑን የቆጠረው ግን ልማድ ነው።

ወደ እኛ ቤት እንምጣ። መርዶ እንዲሁ በድንገት አይነገርም። ዘመድ ጎረቤቱ ተጠራርቶ፣ ገና ሳይነጋ ሄዶ ነው የሚያረዳው። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ይህ መልካም ነው። አንዳንዶቻችን «አማኝ አያለቅስም» ብለን ሐዘንተኛን እንገሥጻለን። ጌታ ራሱ ወደ አልዓዛር መቃብር ሲሄድ አልቅሶ የለም እንዴ?

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ከሞት በኋላ እንዲህ የምንሰበሰብ ሰዎች፣ ከሞት በፊት ዝም እንላለን። ሐኪሙ ውጤቱን ለልጅ ወይም ለወንድም ይነግራል፤ ታማሚው ግን አይሰማም። «ይደነግጣል፣ ተስፋ ይቆርጣል» እንላለን። ከፍቅር የመጣ ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ታማሚው ሰውነቱ እየነገረው፣ ዓይናችንንም እያነበበ፣ ብዙ ጊዜ ያውቀዋል። እሱም እኛን ላለማስጨነቅ ዝም ይላል። በዚህ መሐል ዕዳው ሳይነገር፣ ኑዛዜው ሳይጻፍ፣ የተኳረፈው ወንድም ሳይታረቅ ቀኑ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ልጆች በአንድ ቤት ምክንያት ፍርድ ቤት ይቆማሉ።

ንጉሥ ሕዝቅያስ ሲታመም ነቢዩ ኢሳይያስ እንደሚሞት ነግሮት፣ ቤቱን እንዲያሰናዳ አዘዘው። ሕዝቅያስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጸለየ፤ አለቀሰም። 15 ዓመት ተጨመረለት። ለእያንዳንዱ ታማሚ 15 ዓመት ይጨመራል እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ባይነገረው ኖሮ ያንን ጸሎት መች ይጸልይ ነበር? ያዕቆብም መሞቻው መቅረቡን ስላወቀ ነው 12 ልጆቹን ሰብስቦ የባረካቸውና የሚቀበርበትን ቦታ ያዘዛቸው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በደህናው ቀን፣ በጤናችን ጊዜ፣ በቤት ውስጥ እንነጋገርበት። ወገን ሲታመም ደግሞ አስቀድመን «ስለ ሕመምህ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ?» ብለን እንጠይቀው። አልፈልግም ካለ መብቱ ነው፤ አናስገድደው። እፈልጋለሁ ካለ ግን በኮሪደር ላይ፣ ቆመን፣ በጥድፊያ አንንገረው። የሚወዳቸው ሰዎች ከጎኑ ይቀመጡ፣ እጁን ይያዙት፣ የተነገረው ዕለትም ብቻውን አይደር።

ይህን የሚያስተምረን ሌላ አገር አያስፈልገንም። መርዶን በወግ መንገር የሚያውቅ ሕዝብ፣ ሕመምንም በወግ መንገር አያቅተውም። ወገኔ፣ በቤትዎ የተኛ ታማሚ ካለ፣ ዛሬ አጠገቡ ቁጭ ይበሉና ይጠይቁት። ምናልባት እርሱም የሚጠይቀው ሰው እየጠበቀ ይሆናል።