የአታሪ ኩባንያ አነሣሥና አወዳደቅ

የቪዲዮ ጨዋታ ማለት በቴሌቪዥን መስኮት ላይ የሚታየውን ምስል በእጅ በሚያዝ መሣሪያ እያንቀሳቀሱ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ይህን ጨዋታ በሰፊው ለሕዝብ ካቀረቡት ቀዳሚ ድርጅቶች አንዱ አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አታሪን በ1972 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ግዛት የመሠረቱት ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ የተባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። በዚያው ዓመት አላን አልኮርን የተባለው መሐንዲስ «ፖንግ» የተሰኘውን ጨዋታ ሠራላቸው። ፖንግ የጠረጴዛ ቴኒስን በመምሰል ሁለት ሰዎች አንዲት የብርሃን ነጥብ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሱበት ቀላል ጨዋታ ነበር። ለሙከራም በአንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ተተከለ። ብዙም ሳይቆይ መሣሪያው ሥራ አቆመ ተብሎ አልኮርን ተጠራ። ከፍቶ ሲመለከተው ግን ችግሩ የገንዘብ ማጠራቀሚያው ከመጠን በላይ በሳንቲም መሞላቱ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ የኩባንያው ዝና እየገነነ ሄደ። በ1976 ዓ.ም. ዋርነር የተባለው ታላቅ ድርጅት በ28 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ አታሪ በቤት ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ አዲስ መሣሪያ አወጣ። ጨዋታዎቹ ካርትሪጅ በሚባሉ ትንንሽ ሣጥኖች ተለይተው ስለሚሸጡ፣ ገዢው መሣሪያውን ሳይለውጥ ልዩ ልዩ ጨዋታዎችን ለመጫወት ቻለ። በዚህም የተነሣ ኩባንያው እጅግ ብዙ ሀብት አካበተ።

ይሁን እንጂ ውድቀቱ የተፀነሰው በዚሁ የብልጽግና ዘመን ነው። አንደኛው ምክንያት ባለሙያዎቹን አለማክበሩ ነበር። ጨዋታዎቹን የፈጠሩት ሰዎች ስማቸው እንዲገለጽና ከትርፉ ተገቢውን ድርሻ እንዲያገኙ ቢጠይቁም ሰሚ አላገኙም። ስለዚህ በ1979 ዓ.ም. ከእነርሱ መካከል አራቱ ወጥተው አክቲቪዥን የተባለውን ተወዳዳሪ ኩባንያ በማቋቋም ተባበሩ። የእነርሱን አርአያ በመከተል ሌሎች ብዙ ድርጅቶች ተነሡ፤ ገበያውም በማይረቡ ጨዋታዎች ተጥለቀለቀ።

ሁለተኛው ምክንያት ጥድፊያ ነው። በ1982 ዓ.ም. አታሪ «ኢ.ቲ.» በተባለው ዝነኛ ፊልም ላይ የተመሠረተ ጨዋታ ለገና ገበያ ለማድረስ ፈለገ። ብዙ ወራት የሚጠይቀውን ሥራ አንድ ባለሙያ በአምስት ሳምንት ብቻ እንዲፈጽም ተደረገ። ጨዋታው በብዛት ተመርቶ ቢቀርብም ገዢዎች ቅር ተሰኙበት፤ አብዛኛውም ሳይሸጥ ቀረ።

በ1983 ዓ.ም. የኩባንያው ኪሳራ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ያልተሸጡት ካርትሪጆች በጭነት መኪና ተጓጉዘው በኒው ሜክሲኮ ግዛት በአላሞጎርዶ ከተማ ተቀበሩ። በ1984 ዓ.ም. ዋርነር ኩባንያውን ከፋፍሎ ሸጠው። የተቀበሩት ጨዋታዎችም በ2014 ዓ.ም. በቁፋሮ ተገኙ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ አታሪን የጣለው የገበያ እጦት አልነበረም። ያበለጸጉትን ባለሙያዎች መናቁና የገዢውን እምነት ለፈጣን ትርፍ መለወጡ ነው።

ጥያቄዎች
1. የፖንግ መሣሪያ ሥራ ያቆመው ለምን ነበር?
2. አራቱ ባለሙያዎች ከአታሪ የወጡበትን ምክንያት አስረዱ።
3. በምንባቡ መጨረሻ የተጠቀሰው ምሳሌያዊ አነጋገር ከ«ኢ.ቲ.» ታሪክ ጋር እንዴት ይዛመዳል?