ከመስታወቱ ሥር ያለው ሰንጠረዥ

በ1841 (እ.ኤ.አ.) ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተባለ የእንግሊዝ መልእክተኛ ወደ ሸዋ መጣ። መናገሻቸው አንኮበር ለነበረው ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካቀረባቸው ገጸ በረከቶች መካከል እየተሽከረከሩ የሚጨፍሩ የቻይና አሻንጉሊቶች ይገኙበታል። እነሱን ያየ ሁሉ ሳቅ በሳቅ እንደሆነ ሃሪስ በመጽሐፉ ጽፏል። አሻንጉሊቶቹ ግን የሚያውቁት ያንኑ አንድ ጭፈራ ነው፤ ማን እንደነካቸው፣ የት እንደነካቸው አያውቁም።

ዛሬ አንኮበር ላይ ጋቢ የተከናነበ ልጅ ከኪሱ የሚያወጣው ስልክ ግን የጣቱን ቦታ ለይቶ ያውቃል። እንዴት?

ከመስታወቱ ሥር በዓይን የማይታዩ፣ ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ከሚባል ብርሃን አሳላፊ ቁስ የተሠሩ መስመሮች አሉ። እንደ ሰንጠረዥ ከላይ ወደ ታችና ከግራ ወደ ቀኝ ተዘርግተው ይሻገራሉ። በየመገናኛቸው ጥቂት የኤሌክትሪክ ሙል ይቀመጣል። የሰው አካል ጨው ያለበት ውኃ ስለሚበዛው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ጣት ሲጠጋ ከሙሉ ጥቂቱን ይስባል። በስልኩ ውስጥ ያለች ትንሽ ቺፕ መገናኛዎቹን በሰከንድ 60 ጊዜና ከዚያም በላይ እየዞረች ትፈትሻለች። ሙሉ የጎደለበትን ስታገኝ ጣቱ የት እንዳረፈ አወቀች ማለት ነው።

የአንኮበር ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። በብርዱ የሱፍ ጓንት አድርጎ ስልኩን ቢነካው መልስ የለም፤ ሱፍ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ጣቱንም ከመስታወቱ ያርቀዋል። ጉሙ ከቆላው ሽቅብ ወጥቶ አገሩን ሲያለብሰው ደግሞ በመስታወቱ ላይ የሚያርፈው ጠብታ ሙሉን ያውከዋል። ስልኩ ያልተነካውን እንደተነካ ይቆጥርና የተከፈተው የስልክ ጨዋታ በራሱ ይዘላል። ተበላሽቶ አይደለም፤ በጋቢ ጫፍ ጠረግ ማድረግ ይበቃል።

እንዲህ ያለውን ስክሪን ኢ. ኤ. ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ በ1965 (እ.ኤ.አ.) በጽሑፍ ሲያስተዋውቀው በአንድ ጊዜ የሚለየው አንድ ንክኪ ብቻ ነበር። ብዙ ጣት ባንዴ የሚለይ ስክሪን በሰው ሁሉ እጅ የገባው ከ2007 (እ.ኤ.አ.) የአይፎን መውጣት ወዲህ ነው። በስልክ ላይ ሙዚቃ ለመጫወት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክራር ሲመታ ቀኝ እጅ ክሮቹን ይጠርጋል፣ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ እንዳይሰሙ የሚፈለጉትን ያፍናሉ። አንድ ጣት ብቻ የሚያውቅ መስታወት ትዝታን ሊጫወት አይችልም። በዚያ ላይ ድምፁ ከጣት በጥቂት መቶኛ ሰከንድ እንኳ ከዘገየ የሙዚቀኛ ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ዛሬ ለቁጥር መደርደሪያ የምንለው ሰንጠረዥ የሚለው ቃል መኳንንቱ ይጫወቱት የነበረው የአገራችን ቼዝም ስም ነው። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 (እ.ኤ.አ.) ታሪኩንና ሕጉን ጽፈውለታል። ጨዋታው የሚጀመረው በወረራ ነው፤ በወረራ ተራ የለም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ በቻሉት ፍጥነት፣ ንጉሡንም ፈረሱንም ዝሆኑንም ያንቀሳቅሳሉ። ተራ በተራ መሄድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የዛሬ ጌም ሠሪዎች በትልቅ ድካም የሚያመጡት ተራ የሌለው የፍጥነት ጨዋታ አባቶቻችን በጨርቅ ሰሌዳ ላይ ነበራቸው። ብዙ ጣት ባንዴ የሚለየው ስክሪን በሁለት ሰዎች መካከል ቢቀመጥ ፊት ለፊት ሆነው ወረራውን እንደ ጥንቱ ሊጫወቱት ይችላሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የተባለ የጌም ሠሪ ድርጅት ኩኩሉ የሚባል የስልክ ጌም ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ሰንጠረዥም ከነወረራው ይገባዋል። በአንኮበር፣ በመንዝ ወይም በደብረ ብርሃን ጨዋታውን የሚያውቁ አባት ካሉዎት ዛሬውኑ አጠገባቸው ቁጭ ይበሉ፤ ስልክዎን ያውጡና ሕጉን በራሳቸው ድምፅ ይቅረጹት።