ዲፕ ፐርፕል እና የተበላሹ ቴፖቹ

የእንግሊዙ ሃርድ ሮክ ባንድ ዲፕ ፐርፕል ስቱዲዮ ገብቶ ከሠራቸው አልበሞች ይልቅ መድረክ ላይ የተቀዱት ይበልጣሉ። ባንዱ በ1968 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት፣ በ1976 ሲበተን፣ በ1984 ተመልሶ ሲሰባሰብ፣ ከዚያም በኋላ ዓለምን ሲዞር አንድ ሰው የሆነ ቦታ ቴፕ ያዞር ነበር። አንዳንዴ ባንዱ የቀጠረው መሐንዲስ፣ አንዳንዴ የሬዲዮ ጣቢያ፣ አንዳንዴም ካፖርቱ ውስጥ መቅረጫ ደብቆ የገባ ተመልካች። ከዚህ ሁሉ ክምር ድምፁ በእውነት ያማረው ጥቂት ነው። የቀረው ይንሿሿል፣ ይታፈናል፣ ወይም ጊታሩ የት እንደገባ አይታወቅም።

ይሁንና «መጥፎ ላይቭ አልበም» እየተባለ በጅምላ የሚወቀሰው ሁሉ ጥፋቱ አንድ አይደለም። መሣሪያው የበደለው አልበም አለ። ተጫዋቹ የታመመበት አልበም አለ። ጨርሶ መውጣት ያልነበረበትን ቴፕ አሳታሚ ከመጋዘን አውጥቶ የሸጠበትም አለ። የመጀመሪያውን ይቅር ማለት ቀላል ነው፤ እንዲያውም እንደዚያ ዓይነቶቹን አብልጬ የምወድበት ጊዜ አለ። ለሦስተኛው ግን ይቅርታ የሚያሰጥ ምክንያት እስካሁን አላገኘሁለትም።

ከመሣሪያው እንጀምር። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሮክን ከመድረክ መቅዳት ያስቸገረው በዋናነት ጩኸቱ ነው። ሪቺ ብላክሞር ጊታሩን በትልልቅ የማርሻል አምፕሊፋየሮች ይለቀዋል። ጆን ሎርድ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያንና ለጃዝ የለመድነውን የሃሞንድ ኦርጋን በማርሻል አሳልፎ እንደ ጊታር እንዲያጓራ አደረገው። በ1972 ለንደን ሬይንቦ ቲያትር ውስጥ 117 ዴሲቤል ተለክቶባቸው የጊነስ መዝገብ የዓለም እጅግ ጯኺ ባንድ ብሎ ጽፏቸዋል። እንዲህ ባለ መድረክ ለድምፃዊው የቆመው ማይክራፎን ከኢያን ጊላን እኩል የኢያን ፔስን ሲምባል ይሰማል፤ ለድራሙ የተተከለው ደግሞ ጊታሩን ይዞ ይመጣል። ቴፑ ላይ አንዴ የተቀላቀለውን በኋላ ለይቶ ማውጣት ያኔ አይታሰብም ነበር። የግቤት መጠኑ ትንሽ ከፍ ካለ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ዝቅ ካለ የቴፑ ሿሿታ ይውጠዋል።

ከአዳራሹ ሚክሰር በቀጥታ የተወሰደ ቴፕ ንጹሕ መሆን የነበረበት ይመስላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የሚክሰሩ ባለሙያ የሚሠራው አዳራሹ ውስጥ ላለው ሰው እንጂ ለቴፑ አይደለም። ጊታሩ ከራሱ አምፕሊፋየር አዳራሹን ከሞላ ባለሙያው በትልልቆቹ ስፒከሮች አይጨምርበትም፤ ስለዚህ ወደ ቴፑ የሚሄደው ጊታር እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። ውጤቱ ድምፃዊው ጆሮህ ሥር የሚጮኽበት፣ ጊታሩ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ የሚመስልበት ቅጂ ነው። ሕዝቡም አይሰማም፤ አዳራሹ ባዶ ይመስላል። ተመልካች በድብቅ የቀዳው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሕዝቡና የአዳራሹ ማስተጋባት አለ፣ ባንዱ ግን በብርድ ልብስ እንደተሸፈነ ነው።

በቂ መሣሪያ አልነበረም ማለት አይደለም። ባንዱ በ1971 ዲሴምበር «ማሺን ሄድ» የተባለውን አልበሙን ስዊዘርላንድ ሞንትሩ ውስጥ ሲሠራ ሮሊንግ ስቶንስ በጭነት መኪና ላይ ያስገጠሙትን ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ ተከራይቶ ነበር። ሊቀዱበት ያሰቡት ካሲኖ በፍራንክ ዛፓ ኮንሰርት መሀል ተቃጥሎባቸው ባዶ ሆቴል ኮሪደር ውስጥ ቢቀዱም ድምፁ እስከ ዛሬ ይመሰገናል። ግን እንዲህ ያለውን መኪና ለየኮንሰርቱ ማን ይከፍልለታል?

የዘርፉ መለኪያ የሚባለው «ሜድ ኢን ጃፓን» የተወለደውም ከእንዲህ ዓይነቱ ቁጠባ ነው። በ1972 ኦገስት ወር ባንዱ ኦሳካ ሁለት ምሽት፣ ቶኪዮ ቡዶካን ደግሞ አንድ ምሽት ተጫወተ። አልበሙን የፈለገው የጃፓኑ አሳታሚ ነበር፤ አባላቱ ግን እምብዛም ፍላጎት አልነበራቸውም። የራሳችን መሐንዲስ ማርቲን በርች ካልቀዳው፣ ቴፑም በእጃችን ካልሆነ አይሆንም ብለው ተስማሙ። በርች የቀረበለት መቅረጫ ስምንት ትራክ ብቻ የሚይዝ፣ ለዚህ ዓይነት ባንድ ያነሰ ነበር። ሚክሱ ሲሠራ ከአምስቱ አባላት የመጡት ሮጀር ግሎቨርና ፔስ ብቻ ናቸው። አልበሙ ግን ከጃፓን አልፎ ዓለምን ዞረ። አድማጩን ያስገረመው የድምፁ ንጽሕና ብቻ አይደለም፤ ስቱዲዮ ተመልሶ የተጠገነ ነገር የለበትም መባሉም ጭምር ነው። ለዲፕ ፐርፕል ግን መዘዝ ይዞ መጣ፤ ከዚያ በኋላ የወጣ ማንኛውም ኮንሰርት ከእነዚያ ሦስት ምሽቶች ጋር እየተነጻጸረ ይወድቃል።

ያልተጠገነ መሆኑ ለምን እንደሚወራለት ለማወቅ ጎረቤቶቹን ማየት ይበቃል። ኪስ የተባለው ባንድ «አላይቭ!» በ1975 ሲወጣ ስቱዲዮ ውስጥ ብዙ ነገር ተጨምሮበታል። የቲን ሊዚ «ላይቭ ኤንድ ዴንጀረስ» ፕሮዲውሰሩ ቶኒ ቪስኮንቲ አብዛኛው እንደገና የተቀዳ ነው ሲል፣ ከባንዱ ወገን አይደለም፣ አብዛኛው የመድረክ ነው የሚል ክርክር እስካሁን አለ። ሁለቱም ግሩም አልበሞች ናቸው። ሆኖም ድምፁ በጣም የጠራ ላይቭ አልበም ሲሰማ የተጠራጠረ አድማጭ አይፈረድበትም።

በተቃራኒው ጉድፉን ሆነ ብለው ያስቀሩም አሉ። ዘ ሁ በ1970 ፌብሩዋሪ በሊድስ ዩኒቨርሲቲ የቀዱትን አልበም ሲያወጡ ሽፋኑን እንደ ሕገወጥ ቅጂ ተራ ወረቀት አስመሰሉት፤ የሸክላው መሃል ላይ ደግሞ በእጅ ጽሑፍ ስንጥቅጥቁ ድምፅ ደህና ነው፣ እንዳታርሙት የሚል ማሳሰቢያ አኖሩ። ስቱጅስ የተባለው የሚሺጋን ባንድ «ሜታሊክ ኬ.ኦ.» ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ያኔ ከመበተናቸው በፊት በነበረው የመጨረሻ ኮንሰርት ላይ ሕዝቡ ጠርሙስ ሲወረውር፣ ድምፃዊው ኢጊ ፖፕ መልሶ ሲሳደብ ይሰማል። ያንን ምሽት በጥሩ ማይክራፎን ብንሰማው ምን እናተርፍ ነበር?

ብላክ ሳባዝ የደረሰባቸው ሌላ ነው። በ1973 የተቀዱ ኮንሰርቶቻቸውን የቀድሞ አስተዳዳሪያቸው አሳታሚ ቤት በ1980 «ላይቭ አት ላስት» ብሎ ያለፈቃዳቸው አወጣው። ድምፁ ደረቅና ቀጭን ነው፤ ቢሆንም በብሪታኒያ ሠንጠረዥ አምስተኛ ደረጃ ደረሰ። ከዚህ ቁጥር አሳታሚዎች የተማሩት ትምህርት ለአድማጭ የሚበጅ አልነበረም።

ወደ ዲፕ ፐርፕል ስንመለስ፣ በጣም የተወቀሰው አልበማቸው «ላስት ኮንሰርት ኢን ጃፓን» ነው። ብላክሞር በ1975 ባንዱን ጥሎ ሲወጣ አሜሪካዊው ቶሚ ቦሊን ተተካ። የዚያ ዓመት የእስያ ጉዞ በጃካርታ በአንድ ጠባቂያቸው ሞት ጠቆረ፤ ከዚያ ጃፓን ሲደርሱ ቦሊን ክንዱ ላይ ለሰዓታት ተኝቶበት ደንዝዟል፤ አደንዛዥ ዕፅም ነበረበት። ዲሴምበር 15 ቡዶካን ላይ መቅረጫ ማሽኑ ሲዞር ግራ እጁ ክሩን በወጉ አይዝለትም ነበር። ሎርድ በኦርጋኑ የጊታሩን ቦታ ሲሸፍን በግልጽ ይሰማል። አሳታሚው ይህንን ምሽት መርጦ በ1977፣ ባንዱ ከተበተነና ቦሊንም ከሞተ በኋላ አወጣው።

እዚህ ላይ ሰው አለአግባብ ተጎድቷል ባይ ነኝ። ቦሊን ከዲፕ ፐርፕል ጋር የተጫወተበት ሌላ የመድረክ አልበም ለረጅም ጊዜ ገበያ ላይ ስላልነበረ፣ አድማጩ በዚያ በአንድ የደነዘዘ እጅ ፈረደበት። በ1976 ፌብሩዋሪ ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ለሬዲዮ የተቀዳው ኮንሰርት በ1995 በይፋ ሲወጣ ግን ሌላ ጊታሪስት ተሰማ፤ ከብላክሞር የተለየ፣ ፈንክ የቀላቀለ፣ አንዳንዴ የሚሳሳት፣ ግን ሕያው። ድምፁ ፍጹም አይደለም። ይሁንና ስለ ቦሊን ማወቅ የሚፈልግ ከቶኪዮው በፊት የሎንግ ቢቹን ይስማ። የቶኪዮው ቴፕ በ2001 እንደገና ሚክስ ተደርጎ ሙሉው ኮንሰርት ሲወጣም ድምፁ በጣም ተሻሻለ፤ እጁ ግን ያው ነው።

የሬዲዮ ጣቢያዎች ለዚህ ባንድ ባለውለታ ናቸው። የስዊድን ሬዲዮ በ1970 ኖቬምበር ስቶክሆልም ላይ የቀዳው ኮንሰርት በ1988 «ስካንዲኔቪያን ናይትስ» ተብሎ ወጣ። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ኦርጋኑ አንዳንድ ቦታ ሁሉን ይውጣል። ግን ወደ ግማሽ ሰዓት የሚጠጉ ሁለት ሙዚቃዎች አሉበት፤ ብላክሞርና ሎርድ እየተጠባበቁ፣ እየተፎካከሩ፣ አንዳንዴም እየቀለዱ ይሄዳሉ። በ«ሜድ ኢን ጃፓን» ጊዜ ይህ ነፃነት ተስተካክሎ መልክ ይዞ ነበር። እኔ ከሁለቱ ሻካራውን የምመርጥበት ቀን ብዙ ነው። ቢቢሲ በ1974 በለንደን ኪልበርን የቀዳው ደግሞ በ1982 «ላይቭ ኢን ለንደን» ሆኖ ሲወጣ የምሽቱ ረጅም ሙዚቃ ተቆርጦ ቀረ፤ በሲዲ ዘመን ነው የተመለሰው። የመጀመሪያዎቹ አባላት በ1968 ኢንግልውድ፣ ካሊፎርኒያ ክሪም ከተባለው ባንድ በፊት መድረክ የወጡበት ቅጂ ከሁሉም የደከመ ነው፤ ታሪክ ለሚያጠና እንጂ ለደስታ የሚሰማ አይደለም።

የደከመ ቅጂ የማይጠበቅ ውለታ የዋለበት ጊዜም አለ። ሎርድ ለባንዱና ለሮያል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ የጻፈው ኮንቼርቶ በ1969 ሴፕቴምበር ሮያል አልበርት ሆል ቀርቦ ተቀዳ። ባንዱ ከኦርኬስትራው ጋር ሲቀላቀል ቫዮሊኖቹ የሚጠፉበት ቦታ አለ። ብዙም ሳይቆይ የኖታው ወረቀት ጠፋ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ማርኮ ዴ ሁይ የተባለ ኔዘርላንዳዊ አቀናባሪ ቅጂውን ደጋግሞ እየሰማ ኖታውን መልሶ ጻፈው፤ ሎርድም አስተካከለው፤ በ1999 እዚያው አዳራሽ ዳግም ቀረበ። ሥራው የተረፈው በቴፑ ነው።

ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ያደገ አድማጭ ሁሉ ቅጂ በቅጂ ላይ ሲደራረብ ከፍተኛው ድምፅ እየሞተ፣ ሿሿታው እየጨመረ እንደሚሄድ ያውቃል። የባንዱ ሕገወጥ ቅጂዎችም በ1970ዎቹ እንዲሁ ነው የተዛመቱት። አሁን ግን የተቀላቀለን ድምፅ የሚለይ የኮምፒውተር ዘዴ መጥቷል፤ የቢትልስ «ናው ኤንድ ዜን» በ2023 የወጣው የጆን ሌነን ድምፅ ከድሮ ካሴት ተለይቶ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎም ዘ ሁ ከሊድስ ማግስት በሃል ከተማ የቀዱት ቴፕ ላይ የጠፋውን የቤዝ ድምፅ ከሊድሱ ቴፕ ወስደው ሞልተውታል። ብልህ ሥራ ነው፤ የትኛው ምሽት እንደሆነ ግን ከእንግዲህ አታውቅም።

የመጨረሻው ዓይነት በድምፅ ጥራት የማይታማው ነው። በ1993 ኖቬምበር በርሚንግሃም ላይ የባንዱ ኮንሰርት ሲቀረጽ በ1984 ወደ ባንዱ የተመለሰው ብላክሞር ከጊላን ጋር ተቃቅሮ ነበር። ብላክሞር የመጀመሪያው ሙዚቃ ተጀምሮ ዘግይቶ ብቅ አለ፣ ካሜራ ላይ ውሃ ደፋ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ባንዱን ለሁልጊዜ ለቆ ሄደ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ቦታውን ይዟል። አሳታሚው በ2000ዎቹ አጋማሽ ያንን ምሽት በሲዲ አውጥቶ ሲሸጠው ጊላን በሕይወቱ ካሳለፋቸው የከፉ ምሽቶች አንዱ እንደሆነ ተናግሮ ደጋፊዎቹ እንዳይገዙት በይፋ ለመነ። ሶኒ ቢኤምጂም በ2007 ከገበያ ሰበሰበው።