ሰጋር በቅሎ በራያ ቆላ፤ አመራረጧና አያያዟ

ሰጋር የሚባለው ከተራ እርምጃ ፈጠን ብሎ፣ ተቀማጩን ሳያንገጫግጭ የሚጓዝ ፈረስ ወይም በቅሎ ነው። በአገራችን ለሽማግሌ፣ ለካህን፣ ለሙሽራና ለሹም መቀመጫ ስትመረጥ የኖረችው በተለይ ሰጋር በቅሎ ናት። ዛሬ ከወልድያ በቆቦ አድርጎ ወደ አላማጣ በሚያልፈው አውራ ጎዳና መኪና ስለሚመላለስ፣ በሜዳው ላይ የበቅሎ ሥራ ቀንሷል። ወደ ምዕራብ ወደ ግዳን ደጋ፣ ወደ ምሥራቅም ወደ ዞብል ተራራ ለሚወጣ ሰው፣ ይልቁንም ታማሚ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ለሚወርድ ቤተሰብ ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም።

የስግሪያ ጠባይ

ሶምሶማ የሚሄድ እንስሳ የቀኝ የፊት እግሩንና የግራ የኋላ እግሩን አንድ ላይ ያነሣል፤ ቀጥሎም ሌሎቹን ሁለቱን። በመካከሉ አራቱም እግሮች መሬት የሚለቁበት ቅጽበት ስላለ ተቀማጩ ይነሣል፣ ይወድቃል። ሰጋር ግን በአንድ ጎን ያሉትን እግሮች አስከትሎ ያነሣል። አራቱ ኮቴዎች በየተራ ስለሚያርፉ ሁልጊዜ ቢያንስ አንዱ መሬት እንደ ያዘ ነው። ጀርባው ደልደል ብሎ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

በገበያ ላይ ሻጭ ሁሉ «በቅሎዬ ሰጋር ናት» ይላል። ስለዚህ ገዢው ዓይኑን ብቻ ሳይሆን ጆሮውንም ይጠቀም። በደረቅ መሬት ላይ ስትሄድ የሶምሶማ ድምፅ ሁለት ምት ሲሆን፣ የስግሪያ ድምፅ ተከታታይ አራት ምት ነው። አቧራማ መንገድ ከተገኘም ዱካዋን መመልከት ይጠቅማል፤ የጥሩ ሰጋር የኋላ ኮቴ የፊተኛውን ዱካ አልፎ ያርፋል። ከሁሉም በላይ ግን ገዢው ራሱ ተቀምጦ፣ ዳገትም ቁልቁለትም ሳይቀር ቢሞክራት ይሻላል። በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ብቻ የምትሰግር በቅሎ ለዞብል መንገድ አትሆንም።

ስለ እርባታዋ

በቅሎ ከወንድ አህያና ከባዝራ ትወለዳለች። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም ስላላቸው የበቅሎ 63 ይሆናል፤ መካን የምትሆነውም በዚህ ነው። እንግዲህ ዘሯን ማሻሻል የሚቻለው በእናትና በአባት ምርጫ ብቻ ነው። «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» እየተባለ ቢቀለድባትም፣ በስግሪያ ረገድ በእናቷ ወገን መመካቷ አያስወቅሳትም። እ.ኤ.አ. በ2012 በስዊድን ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት በአይስላንድ ፈረስ ላይ የአረማመድን ዓይነት የሚወስን አንድ የዘር ቅንጣት መኖሩን አስታውቋል። ስለዚህ ሰጋር ባዝራ ለእርባታ መምረጥ ተገቢ ነው። ነገር ግን ውርንጭላዋ ከእናቷ የምትወስደው የዘሩን ግማሽ ብቻ ስለሆነ ዋስትና የለም።

እግርን በገመድ አስሮ ስግሪያ ለማስተማር መሞከርን አንደግፍም። መገጣጠሚያ ይጎዳል፤ ገመዱም ሲፈታ ብዙ ጊዜ አረማመዱ አብሮ ይፈታል።

ፈረስ ወይስ በቅሎ?

ሰጋር ፈረስ ከደጋ ገዝቶ ወደ ቆቦ ማውረድ የሚያምረው ገበሬ አለ። እኛ በዚህ ጉዳይ ጥንቃቄ እንዲደረግ አጥብቀን እንመክራለን። የቆቦ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እንደዚህ ባለ ሙቀት፣ ክረምቱ ሲወጣ የአፍሪካ የፈረስ በሽታን የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ይበዛሉ። በሽታው ከያዛቸው ፈረሶች ከመቶ 70 እስከ 95 ይገድላል። በበቅሎ 50 ያህል፣ በአህያ ደግሞ 10 ያህል ነው። አንድ ቤተሰብ ያጠራቀመውን ገንዘብ በጥቂት ቀን ሊያጣ ይችላል ማለት ነው።

ትኩሳት፣ የዓይን ጉድጓድ ዙሪያ እብጠት፣ ትንፋሽ ማጠርና ከአፍንጫ የሚወጣ አረፋ ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። ክትባቱ ግን ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይዘጋጃል፤ በወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በኩል ከክረምቱ በፊት ማስከተብ ይገባል። ተናካሾቹ የሚበዙት ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ፣ ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ወደ ቤት ማስገባትም ይረዳል። በቅሎ ከፈረስ ትሻላለች እንጂ አትድንም ማለት አይደለምና፣ እርሷም ትከተብ።

ኮርቻና መኖ

ዕድሜዋ ሦስት ዓመት ሳይሞላ በቅሎ አትጫን፤ ረጅም መንገድም ከአራት ዓመት በኋላ ይሁን። የተቀማጩና የዕቃው ክብደት ከሰውነቷ ክብደት አንድ አራተኛ ባያልፍ ይመረጣል። የማሽላ አገዳ ብቻውን አይበቃትም፤ የጤፍ ጭድና ጥቂት እህል ይጨመርላት። በቆላው ሙቀት ውሃ ቢያንስ በቀን ሁለት ጊዜ ትጠጣ።

ገጣባ የወጣባት በቅሎ ሕመሙን ለመሸሽ ጀርባዋን ስለምታጎብጥ ስግሪያዋ ይበላሻል። ኮርቻው በአከርካሪው ላይ እንዳያርፍ፣ ክብደቱም በግራና በቀኝ ጎን እንዲከፈል ይደረግ። ከሥሩ የሚነጠፈው ጨርቅ በላብ ደርቆ ሳይሻክር ይታጠብ። ቁስል ከታየም እስኪደርቅ ድረስ ኮርቻ ባይጫንባት ይመረጣል።