ስለ ትምህርት ቤት ላፕቶፕ አመራረጥ

ሰው መሣሪያ ሲገዛ አስቀድሞ ሥራውን፣ ቀጥሎ መሣሪያውን፣ በመጨረሻም ዋጋውን ቢመለከት ይጠቀማል። ብዙዎቻችን ግን ይህን ተራ ገልብጠን፣ አስቀድመን ዋጋውን ወይም ውበቱን እናይና ከገዛን በኋላ ምን እንሥራበት ብለን እናስባለን። ገበሬ በሬ ሲገዛ ጫንቃውን፣ ጥርሱንና አረማመዱን ሳይመረምር ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም። ለእርሻ በሬ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ የብዙ ልጆች ትምህርት ለሚታመንበት መሣሪያማ እንዴት አብልጠን አንጠነቀቅም?

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን አንድ መምህር ወዳጃችን ያቀረበልን ጥያቄ ነው። ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎች የሚታደሉ ታብሌቶችና ኮምፒዩተሮች አሉት፤ እነዚህን የሚቈጣጠር እርሱ ነው። ደግሞም የተማሪዎቹን ቴአትር፣ የሳይንስ ሙከራና የበዓል ሥነ ሥርዓት በቪዲዮ እያነሣ የሚያቀናብር እርሱው ነው። ወላጆች ካዋጡት ገንዘብ አንድ ላፕቶፕ ብቻ እንዲገዛ ተፈቅዶለታል። አንዱ መሣሪያ ሁለቱን ሥራ እንዲችል አድርጎ መምረጥ አለበት፤ ቢሳሳት ግን ከሁለት ያጣ ይሆናል፤ የወላጆቹም ገንዘብ ተመልሶ አይመጣም።

የመጀመሪያው ሥራ፣ ይኸውም የመሣሪያዎች ቍጥጥር፣ ብዙ ጕልበት የሚጠይቅ አይደለም። ተቈጣጣሪው የትኛው ታብሌት በየትኛው ልጅ እጅ እንዳለ ያውቃል፤ የሚያስፈልገውን መተግበሪያ ከሩቅ ይጭናል፤ የማይገባውን ይዘጋል፤ የጠፋውን ይቈልፋል። ጉግል ለክሮምቡክ፣ ማይክሮሶፍትም ለዊንዶውስ ያዘጋጁት መቈጣጠሪያ በብራውዘር የሚከፈት ስለ ሆነ መጠነኛ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ነገር ግን የትምህርት ቤቱ ታብሌቶች አይፓድ የሆኑ እንደ ሆነ ነገሩ ይለወጣል። ብዙ አይፓዶችን በኬብል አያይዞ የሚያሰናዳው አፕል ኮንፊገሬተር የተባለው ፕሮግራም በማክ ኮምፒዩተር እንጂ በዊንዶውስ አይሠራምና። ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠየቀው «የትኛው ላፕቶፕ ያምራል?» የሚለው ሳይሆን «የምንቈጣጠራቸው መሣሪያዎች የማን ሥራ ናቸው?» የሚለው ነው። የመቈጣጠሪያውም አገልግሎት በአገራችን የሚሰጥ መሆኑን ከሻጭ አፍ ሳይሆን ከኩባንያው መግለጫ አረጋግጦ መግዛት ይገባል።

ቍጥጥር ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ የሆነውን ይስማ። የከተማው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. ለተማሪዎቹ ሁሉ አይፓድ ለማደል ትልቅ ሥራ ጀመረ። እደላው በተጀመረ በጥቂት ቀኖች ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻ 300 ያህል ተማሪዎች በመሣሪያው ላይ የተጫነውን የመቈጣጠሪያ ፕሮፋይል አጥፍተው እንደ ልባቸው ይጠቀሙበት ጀመር። አስተዳደሩም መሣሪያዎቹ ወደ ቤት እንዳይወሰዱ ለመከልከል ተገደደ፤ በሚቀጥለው ዓመት በኦገስት ወር ደግሞ በግዥው አሠራር ላይ ጥያቄ ተነሥቶ ውሉ ቆመ። ልጆቹን አብዝቶ መውቀስ አይገባም፤ በር ተከፍቶ ካገኙ መውጣታቸው የልጅነት ጠባይ ነው። ጥፋቱ አጥሩ ሳይጠብቅ በረቱ መሞላቱ ነው።

እኛም ብንሆን ከዚህ የሚመስል ትምህርት አላጣንም። ከሃያ ዓመት በፊት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተተክሎ ትምህርት በሳተላይት ይሰጥ በነበረ ጊዜ፣ መብራት በሚጠፋበትና ጠጋኝ በማይገኝበት ስፍራ መሣሪያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ሆኖ ይውል ነበር። መሣሪያ ያለ ጠባቂና ያለ ጠጋኝ ዕዳ ነው።

ሁለተኛው ሥራ፣ ይኸውም ቪዲዮ ማቀናበር፣ ጕልበት ይጠይቃል። ስምንት ጊጋ ባይት ራም ለጽሕፈት ሥራ ይበቃ ይሆናል እንጂ ለቪዲዮ ያስቸግራል፤ ስለዚህ 16 ጊጋ ባይት ዝቅተኛው ልክ ይሁን፤ አራት ኬ በሚባለው ጥራት ዘወትር ለሚሠራ ደግሞ 32 ይሻለዋል። በዛሬዎቹ የማክ ላፕቶፖችና በብዙ ስስ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ራሙ አብሮ የተበየደ ስለ ሆነ፣ «ኋላ እንጨምርበታለን» ማለት ከንቱ ተስፋ ነው።

የማከማቻውንም ነገር በቍጥር ማሰላት ይገባል። በሴኮንድ 100 ሜጋ ቢት በሚቀዳ ካሜራ የተነሣ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 45 ጊጋ ባይት ያህል ይይዛል። እንግዲህ 256 ጊጋ ባይት ብቻ ያለው ላፕቶፕ፣ ፕሮግራሞቹ የሚይዙት ስፍራ ሲቀነስ፣ አምስት ሰዓት ቪዲዮ እንኳ ለመያዝ ይጨነቃል። ስለ ሆነም 512 ጊጋ ባይት ኤስኤስዲ፣ ከእርሱም ጋር አንድ ውጫዊ ዲስክ ያስፈልጋል። ደግሞ ማራገቢያ የሌለው ላፕቶፕ፣ እንደ ማክቡክ ኤር ያለው፣ ለአጭር ሥራ መልካም ሲሆን ረጅም ቪዲዮ ሲያወጣ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህን ዐውቆ መግዛት ነው።

ፕሮግራሙን በተመለከተ፣ ፋይናል ከት ፕሮ በዊንዶውስ አይሠራም፤ አዶቤ ፕሪሚየር በማክና በዊንዶውስ ይሠራል፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ግን በማክ፣ በዊንዶውስና በሊኑክስ ከመሥራቱም በላይ ያለ ክፍያ የሚገኝ ዓይነት ስላለው ለትምህርት ቤት ይስማማል። ክሮምቡክ ግን ለቍጥጥር ቢበቃም እነዚህን ከባድ ፕሮግራሞች አይሸከምም። ገንዘብ ያጠረውም ተስፋ አይቍረጥ፤ ፕሮክሲ የሚባለውን ቀላል ቅጂ አውጥቶ በእርሱ ቢያቀናብር መካከለኛ ላፕቶፕም ሥራውን ይፈጽምለታል።

ያገለገለ ላፕቶፕ መግዛት ነውር አይደለም፤ ዕድሜውን አለመጠየቅ ግን ሞኝነት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ወደ ዊንዶውስ 11 ለማለፍም ቲፒኤም 2.0 የተባለው የጥበቃ ክፍል ያስፈልጋል። የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለውንም ማክ የሚቀበለው የመጨረሻው ማክኦኤስ በ2025 የወጣው ነው። ስለዚህ ያገለገለ ማክ የሚሻ ሰው ከ2020 መጨረሻ ወዲህ የወጣውን፣ ኤም የሚል ፊደል ያለውን ፕሮሰሰር የያዘ ይምረጥ።

ከሁሉ በላይ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ይህ ላፕቶፕ የልጆቹ መሣሪያዎች ሁሉ ቍልፍ የሚገኝበት ነው። የያዘው ሰው የልጆቹን ስም፣ መለያና አንዳንዴም መሣሪያቸው ያለበትን ስፍራ ማየት ይችላል። በዚያው ላፕቶፕ ቪዲዮ ሊያቀናብሩ የሚመጡ ተማሪዎችና ባልንጀሮች አይታጡምና፣ ለቍጥጥሩ አንድ፣ ለቪዲዮው ሌላ መለያ ይከፈት፤ የቍጥጥሩም መለያ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይጠበቅ። ዲስኩ ደግሞ በምስጢር ይቈለፍ፤ ይህንንም ፋይልቮልት በማክ፣ ቢትሎከርም በዊንዶውስ ፕሮ ይፈጽሙታል። መሣሪያው ቢሰረቅ የጠፋው ብረቱ ብቻ ይሆናል።

ቍልፉም በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ አይቀመጥ። መምህሩ ወደ ሌላ አገር ቢዛወር ወይም ቢታመም፣ የይለፍ ቃሉ አብሮት ሄዶ ታብሌቶቹ ሁሉ እንደ ድንጋይ እንዳይቀሩ፣ ርእሰ መምህሩ ወይም አንድ የታመነ ረዳት ሁለተኛ ባለሥልጣን ሆኖ ይመዝገብ።

ለወዳጃችን የሰጠነው ምክር እንግዲህ ይህ ነው። ታብሌቶቹ አይፓድ ከሆኑ 16 ጊጋ ባይት ራም ያለውን ማክ ይግዛ፤ አንድሮይድ፣ ዊንዶውስ ወይም ክሮምቡክ ከሆኑ፣ በከተማው ጠጋኝና መለዋወጫ በቀላሉ የሚገኝለትን የዊንዶውስ ላፕቶፕ ይምረጥ። ከገንዘቡም ጥቂት አስቀርቶ ለውጫዊው ዲስክ ያውለው። ሻጩ የሚያሳየው ብልጭልጭ ሁሉ ሳር ነው፤ ገዥው ግን ገደሉንም ይመልከት። ወላጅ ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ ያዋጣት ብር ለልጁ ዕውቀት ሆና እንድትመለስለት ማድረግ የገዥው ሁሉ ግዴታ ነው።