ስለ ዴይተን ከተማና ስለ ወንዞችዋ

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው ያባቶች ምሳሌ እውነት ለመሆኑ፥ በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ግዛት የምትገኘው የዴይተን ከተማ ታሪክ ምስክር ነው። ይህች ከተማ፥ ማድና ስቲልዎተር የተባሉት ወንዞች ከታላቁ ማያሚ ወንዝ ጋራ በሚገናኙበት ሜዳ ላይ ተሠርታለች። ታላቁ ማያሚም ወደ ደቡብ ወርዶ ከኦሃዮ ወንዝ ጋራ ይቀላቀላል።

የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1796 ዓመተ ምሕረት ከሲንሲናቲ መጥተው በዚህ ሜዳ ሰፈሩ። ወንዞቹም ለእርሻቸው ለም አፈር ሰጡዋቸው፤ ወፍጮዋቸውንም አዞሩላቸው። በ1829 ከሲንሲናቲ የተቈፈረው የጀልባ መሄጃ ቦይ ከከተማዪቱ በደረሰ ጊዜ ንግዱ ሰፋ፤ ፋብሪካዎችም በዙ። በ1903 በአይሮፕላን የበረሩት ወንድማማቾች ዊልበርና ኦርቪል ራይትም የዚህችው ከተማ ሰዎች ናቸው።

ነገር ግን ወንዙ ገና በ1805 ሞልቶ ሰፈሩን ባጥለቀለቀው ጊዜ፥ ከተማዪቱ ወደ ከፍታ ትዛወር የሚል ምክር ቀርቦ ሳይፈጸም ቀረ። ከዚያም በ1828፥ በ1847፥ በ1866ና በ1898 ጎርፍ ተመላለሰ። ሕዝቡም በየጊዜው የአፈሩን ክትር ጥቂት ከፍ እያደረገ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር።

በመጨረሻም በመጋቢት ወር 1913 ብዙ ዝናም ዘንሞ ክትሩ ተጣሰ። በመካከለኛው ከተማ ውሃው በአንዳንድ ስፍራ እስከ 6 ሜትር ከፍ አለ፤ የጋዝ ቧንቧ ስለ ተሰበረም በጎርፉ መካከል እሳት ተነሣ። በሸለቆው ሁሉ ከ300 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። የገንዘብ መመዝገቢያ መኪና ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ጆን ፓተርሰን ሠራተኞቹን ጀልባ አሠርቶ ብዙ ሰው አዳነ፤ ፋብሪካውንም ለተራቡትና ቤት ላጡት መጠጊያ አደረገው።

የከተማው ሰዎች የመንግሥትን ርዳታ ሳይጠብቁ፥ ጎርፉ ባለፈ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ። ኢንጂነሩ አርተር ሞርጋን ያቀረበው ሐሳብ ግን ለብዙዎች እንግዳ ነበረ። ይኸውም ከከተማዪቱ በላይና በዙሪያዋ ባሉት ወንዞች ላይ 5 ታላላቅ የአፈር ግድቦች እንዲሠሩ፥ ከበታቻቸውም መዝጊያ የሌለው ቀዳዳ እንዲተውላቸው ነው። በዘወትር ጊዜ ወንዙ በቀዳዳው ያልፋል፤ ከግድቡ በስተኋላ ያለውም መሬት ይታረሳል። ጎርፍ በመጣ ጊዜ ግን ቀዳዳው ከመጠን በላይ ስለማያሳልፍ፥ ትርፉ ውሃ በእርሻው ላይ ተኝቶ ቀስ በቀስ ይወርዳል። የሚከፍተውና የሚዘጋው ሰው አያስፈልግም።

በላይኛው አገር የሚኖሩ ገበሬዎች፥ «ለዴይተን ደኅንነት የኛ መሬት ስለ ምን ይጥለቅለቅ?» ብለው በብርቱ ተቃወሙ፤ ነገሩም እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። አቤቱታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የኦዝበርን መንደር እንኳ ከውሃው መተኛ ስፍራ ተነሥታ፥ ብዙዎቹ ቤቶችዋ ሳይፈርሱ ወደ ሌላ ቦታ ተጓጓዙ። በ1914 የወጣው ሕግ ግን ለሚጐዳው ካሳ እንዲከፈል፥ ወጪውንም ከጥፋት የሚድነው ባለርስት በጥቅሙ መጠን እንዲሸከም አዘዘ። ግድቦቹም በ1922 ተፈጸሙ።

በ1959 ብርቱ ጎርፍ በመጣ ጊዜ ከተማዪቱ ዳነች። ከ1960 ወዲህ ብዙ ፋብሪካዎች ተዘግተው፥ 262 ሺህ የነበረው ሕዝብዋ በ2020 ወደ 137 ሺህ ወርዷል፤ ግድቦቹ ግን ዛሬም ሥራቸውን አልተዉም።

እንግዲህ ሰው መከራ ሲደርስበት ማልቀሱ የታወቀ ነው። የሚያስመሰግነው ግን እንባው ከደረቀ በኋላም ነገሩን ሳይረሳ፥ ገና ላልተወለደው ትውልድ ገንዘቡን ማውጣቱና የሚጐዳውንም ጎረቤቱን በፍርድ መካሱ ነው።