ድቡ 30 ሜትር ላይ ነው፤ የትኛውን መሣሪያ ትመርጣላችሁ?

እስቲ ራሳችሁን አላስካ ውስጥ አድርጉት። ሳልመን የሚባለው ዓሣ ሽቅብ በሚዋኝበት ወንዝ ዳር የውኃ ናሙና እየሰበሰባችሁ ነው። ቁጥቋጦው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ወንዙ ስለሚጮህ የእናንተም ኮቴ የእሷም ኮቴ አይሰማም። ድንገት 30 ሜትር ላይ አንዲት ቡናማ ድብ ከነደቦሎቿ ቀና ትላለች፤ ወዲያው ወደ እናንተ ትንደረደራለች።

ቡናማ ድብ በሰዓት እስከ 56 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። በሰከንድ ሲሰላ ከ15 ሜትር ይበልጣል። ዩሴን ቦልት እ.ኤ.አ. በ2009 የ100 ሜትር ክብረ ወሰኑን ሲያስመዘግብ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 10.4 ሜትር ነበር፤ ስለዚህ መሮጡን እርሱት። ለመደንገጥም፣ ለመወሰንም፣ መሣሪያ ለማውጣትም፣ ለማነጣጠርም ያላችሁ ጊዜ ሁለት ሰከንድ ገደማ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ድብ የለም። እኛ ድብን የምናውቀው በመጽሐፍና በፊልም ነው። ዴንቨርና ሲያትል የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ቅዳሜና እሑድ ተራራ ሲወጡ ጥቁር ድብ ያለበት ጫካ ውስጥ ነው የሚገቡት። እዚያ ሰፈር ደግሞ "ለድብ የትኛው ሽጉጥ ይሻላል?" የሚለው ክርክር አያልቅም። ክርክሩ ብዙ ጊዜ በጥይት ትልቅነት ላይ ያተኩራል። እኛ ግን ከፊዚክስ እንጀምር።

ፊልም ላይ በጥይት የተመታ ሰው ወደ ኋላ ተወርውሮ ሲወድቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ ውሸት ነው። 30-06 የሚባለው የታወቀ የአዳኝ ጠመንጃ 11.7 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 820 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል እንበል። መጠነ ቁሱን በፍጥነቱ ስናባዛ ሞመንተሙ 9.6 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ይህን 250 ኪሎ ለሚመዝን ድብ ብናካፍለው የድቡ ፍጥነት የሚቀንሰው በሰከንድ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በሰከንድ 15 ሜትር ሲሮጥ የነበረው አሁን 14.96 ሜትር ይሮጣል ማለት ነው። የኒውተን ሦስተኛ ሕግም ይህንኑ ይነግረናል፦ ጥይቱ ድቡን የሚወረውር ቢሆን ኖሮ ጠመንጃው ተኳሹንም በወረወረው ነበር።

ታዲያ ጥይት ድብን የሚያቆመው እንዴት ነው? በቅጽበት የሚያቆመው አንጎልን ወይም የጀርባ ሕብለ ሰረሰርን ከመታ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ከመታ ሥራውን የሚሠራው ደም በማፍሰስ ነው፤ ያ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ልቡ የተመታ እንስሳ እንኳ አንጎሉ ውስጥ ያለው ኦክስጅን እስኪያልቅ ለተወሰኑ ሰከንዶች ሊሮጥ ይችላል። ከእናንተ 30 ሜትር ላይ ላለ ድብ "ለተወሰኑ ሰከንዶች" ምን ማለት እንደሆነ ገብቷችኋል።

የጥይቱ ዓይነት የሚያሳስበውም ለዚህ ነው። አረሩ ስቡን፣ ወፍራሙን ጡንቻና የትከሻውን አጥንት አልፎ ውስጥ መድረስ አለበት። ሥጋ ሲነካ ወዲያው እንደ እንጉዳይ የሚከፈት ለስላሳ አረር ላዩን አቁስሎ ሊቀር ይችላል። ከበድና ጠጠር ያለ፣ ቅርጹን የማይለቅ አረር በጥልቀት ይገባል። የተለመደው 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይቱ የሚይዘው ጉልበት 500 ጁል ገደማ ነው። 44 ማግነም የሚባለው ትልቅ ሽጉጥ 1,400 ጁል አካባቢ፣ አንድ ወፍራም እርሳስ የሚተኩስ ባለ 12 ሾትገን ከ3,000 ጁል በላይ፣ ያ ያየነው 30-06 ደግሞ ወደ 3,900 ጁል ይደርሳል።

በወረቀት ላይ ጠመንጃው አሸነፈ። ግን ናሙና እየቀዳችሁ ጠመንጃው የት ነው ያለው? ዛፍ ላይ ተደግፎ! ሽጉጥ ወገባችሁ ላይ ነው፤ ግን ርጋታ በሌለው እጅ እየተወዛወዘ የሚመጣ ጭንቅላት መምታት በጣም ከባድ ነው። በዚያ ላይ 44 ማግነም ቀላል ስለሆነ ሲተኮስ ወደ ኋላ በኃይል ይራገጣል፤ ሁለተኛውን ጥይት መልሶ ለማነጣጠር ጊዜ ይበላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በሚገባ የተለማመዳችሁበት አነስ ያለ መሣሪያ ካልተለማመዳችሁበት መድፍ ይሻላል።

ይህን በመረጃ የፈተኑ ሰዎች አሉ። ቶም ስሚዝ፣ ስቲቨን ሄሬሮና ባልደረቦቻቸው አላስካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1883 እስከ 2009 መሣሪያ የያዙ ሰዎች ድብ የገጠሙባቸውን 269 አጋጣሚዎች መርምረው በ2012 አሳተሙ። ሽጉጥ 84 በመቶ፣ ረጅም መሣሪያ 76 በመቶ ድቡን አስቁሟል። ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን መሣሪያ ከያዙት ሰዎች መካከል የተኮሱትና ያልተኮሱት የደረሰባቸው ጉዳት ያን ያህል አልተለያየም። መሣሪያው ሳይሠራ ሲቀር ዋናው ምክንያት የጥይቱ ማነስ አልነበረም፤ የጊዜ ማጠር ነበር። መቆለፊያው ሳይከፈት የቀረ፣ ጥይት የነከሰበት፣ የሳተ፣ ተደናቅፎ የወደቀም አለ።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2008 ሌላ ጥናት አውጥተው ነበር፤ ስለ ድብ ስፕሬይ። ስፕሬዩ ውስጥ ያለው ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ካፕሳይሲን ነው፤ ሚጥሚጣ ስትበሉ ዓይናችሁን እንባ የሚያስሞላው ያው ቅመም። ድቡ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ያሳውራል፣ ማሽተቻውን ያቃጥላል፣ ትንፋሹን ያሳጥራል፤ አይገድለውም። ስፕሬዩ ቡናማ ድቦችን 92 በመቶ፣ ጥቁር ድቦችን 90 በመቶ ያህል ከድርጊታቸው አስቁሟል። ስፕሬይ ይዘው ድብ በቅርብ ከገጠማቸው ሰዎች 98 በመቶው ምንም አልሆኑም።

"እንግዲያው ስፕሬይ አሸነፈ" ብላችሁ አትቸኩሉ። የስፕሬዩ ጥናት ምግብ ፍለጋ የመጡና ሰው ለማየት የተጠጉ ድቦችንም ይጨምራል፤ የመሣሪያው ጥናት ውስጥ ያሉት ግን በአብዛኛው ተቆጥተው የመጡ ናቸው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማበላለጥ ልክ አይደለም። ስፕሬይ ነፋስ ይመልሰዋል፣ ብርድ ግፊቱን ይቀንሰዋል፣ ከጥቂት ሜትር በላይም አይደርስም። ያም ሆኖ ትልቅ ብልጫ አለው፦ ደመና ስለሚሠራ ጥንቃቄ የተሞላ ማነጣጠር አይጠይቅም። ጓደኛችሁ ከድቡ ሥር ወድቆ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱን አስቡት፤ በስፕሬይ ብትስቱት ዓይኑ ይቃጠላል፣ በጥይት ብትስቱት...

መሣሪያ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። የኖርዌይ ግዛት በሆነችው ስቫልባርድ የሚማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመስክ ሥራ ከመውጣታቸው በፊት ጠመንጃ መተኮስ ይማራሉ። እዚያ ያለው የዋልታ ድብ ነው፤ አገሩ ገላጣ ነው፣ ድቡን ከሩቅ ማየት ይቻላል፣ ሰዓትም ይገኛል። እነሱም ቢሆኑ መጀመሪያ የሚተኩሱት የማስፈራሪያ ርችት ነው፤ ጠመንጃው የመጨረሻው ነው። በአላስካ ቁጥቋጦ ውስጥ ያ ሁሉ ጊዜ የለም። አላስካ ሕይወቱን ለማዳን ድብ የገደለ ሰው ለመንግሥት ማሳወቅ፣ ቆዳውንና የራስ ቅሉንም ማስረከብ ግዴታው ነው።

እና እናንተ ወንዙ ዳር ያላችሁት? ብቻችሁን አትሂዱ፤ ጮክ ብላችሁ እያወራችሁ ሂዱ፤ ድቧ ቀድማ ከሰማቻችሁ ብዙ ጊዜ ራሷ ትሸሻለች። ስፕሬዩን ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ደረታችሁ ወይም ወገባችሁ ላይ አድርጉት፤ መቆለፊያውን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትከፍቱ ቤት ተለማመዱ። መሣሪያ የምትይዙ ከሆነም ያው ነው። አንድ ነገር ደግሞ፦ በአሜሪካ የድብ ስፕሬይ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫን ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይገባም፤ ስለዚህ እዚያው ስትደርሱ ነው የምትገዙት።